ቁንጭርና የሰውነት ጠባቂዎች

በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ገደላማ ኮረብታ ላይ ኦቾሎ የምትባል የገጠር መንደር ትገኛለች። በአካባቢው በሚገኙት ዋሻዎችና የአለት ስንጥቆች ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ደም መጣጭ ከሽኮኮው የወሰደችውን ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ሰው ስለምታስተላልፍ፣ በአማርኛ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል ይነሣል። ይህ ተሕዋስ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለውን ስም ያገኘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ነው።

በኦቾሎ ቁስሉ በብዛት የሚታየው በልጆች ላይ ነው። በብዙ ታማሚዎች ቁስሉ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይድናል፤ ይሁን እንጂ ጠባሳ ይተዋል። የዳነውም ሰው ዳግመኛ የሚታመመው ከስንት አንዴ ነው። በጥቂቶች ላይ ግን በሽታው ሳይድን ፊትን፣ እጅንና እግርን እያዳረሰ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ታዲያ ተሕዋሱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ?

ምክንያቱ በአብዛኛው የሚገኘው በሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ዘንድ ነው። ተሕዋሱ ወደ ቆዳ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉ ዋጭ ሕዋሳት ይውጡታል። እርሱ ግን ከመሞት ይልቅ በውስጣቸው ተሸሽጎ ይራባል። በዚህ ጊዜ ቲ-ሕዋሳት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ክፍል ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ንጥረ ነገር በማመንጨት ዋጩን ሕዋስ ያነቃቃዋል። የነቃውም ሕዋስ የዋጠውን ተሕዋስ ይገድላል። ቲ-ሕዋሳቱ ይህን ተግባር ሳይፈጽሙ ሲቀሩ በሽታው ይስፋፋል።

እነዚህን ሕዋሳት ለይቶ ማወቅ ግን ቀላል አልነበረም። በገበያ ቀን ነጭ ሸማ የለበሱ ሰዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ቀርበን ጥለታቸውን ስናይ ግን እንለያቸዋለን። ቲ-ሕዋሳትም በተራ ማጉያ መሣሪያ ሲታዩ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ጥለታቸው በገጻቸው ላይ ያለው ፕሮቲን ነው፤ አነቃቂዎቹ ሲዲ 4፣ ገዳዮቹ ደግሞ ሲዲ 8 የተባለውን ይይዛሉ። ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አስገኙ። በአንቲቦዲው ላይ የሚያበራ ቀለም ሲለጠፍ የተፈለገው ሕዋስ ደምቆ ይታያል፤ ሊቆጠርም ይችላል። የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች የሲዲ 4 ቆጠራ የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። ቫይረሱ እነዚህን ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፣ ሁለቱም በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ቁንጭሩ ይበልጥ ሊስፋፋና ለሕክምና አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ምርምሩ ከዚህም አልፏል። በአንቲቦዲው ላይ በቀለሙ ፈንታ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በመለጠፍ፣ ሲዲ 8 ያላቸው ሕዋሳት በሕያው ሰው አካል ውስጥ የት እንደተሰበሰቡ በልዩ ካሜራ የማየት ሙከራ በካንሰር ሕሙማን ላይ ተደርጓል። ይህ መሣሪያ ውድ ስለሆነ ለገጠር ጤና ጣቢያ ገና ሩቅ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤልጅግ አገር ከሚገኘው ከአንትወርፕ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ጋር በመተባበር በኦቾሎ ተሕዋሱን፣ ዝንቧንና ሽኮኮውን አጥንተዋል።

ለቁንጭር የሚሰጠው መርፌ ሕመም አለው፤ ብዙ ቀንም ይወስዳል። ስለዚህ የማን ቁስል ራሱ እንደሚድን፣ የማንስ እንደሚስፋፋ አስቀድሞ ማወቅ ቢቻል፣ አንዱ ልጅ ከማያስፈልገው መርፌ፣ ሌላውም ዕድሜ ልክ ከሚኖር የፊት ጠባሳ ይድን ነበር። የሕዋሳትን መለያ ምልክት የማጥናት ጥቅሙ ይህን ለማወቅ መንገድ መክፈቱ ነው።