ያውቁ ኖሯል? «ናይስ» ስድብ ነበር

«ናይስ ነህ» ብሎ ያሞገሰዎት ሰው ካለ፣ ዕድሜ ለዘመኑ! ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር አንድን ሰው «ናይስ» ማለት ቂል ነህ ማለት ነበር። ሥሩ የላቲኑ «ኔስኪዩስ» ነው፤ አላዋቂ። ቃሉ ሲለሳለስ ሲለሳለስ ኖሮ «ደስ የሚል» ላይ የደረሰው በ1700ዎቹ ነው። «ሲሊ» ደግሞ ቁልቁል ወርዷል፦ ዛሬ ጅላጅሉ የሚጠራበት ቃል ድሮ «ብሩክ» ማለት ነበር። ሁለቱ መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አልቀሩም።

«ገርል»ም መጀመሪያ የሴት ብቻ አልነበረም፤ በ1300ዎቹ ወንዱም ልጅ «ገርል» ነበር።

ስልክ ሲነሳ «ሄሎ» እንዲባል ሐሳብ ያቀረበው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ በ1877። የስልኩ ባለቤት አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ግን መርከበኞች የሚጣሩበትን «አሆይ» ነበር የሚፈልገው። ቤል ቢያሸንፍ ኖሮ አያቴ ስልኩን አገላብጠው ጆሯቸው ላይ ከለጠፉ በኋላ «አሆይ! ማን ልበል?» ሊሉ ነበር።

«ጉድባይ» ውስጥ «ጉድ» የለበትም፤ ጉድ እኮ ነው! «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ ማለትም «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» የሚለው ምርቃት በችኮላ ተጨማዶ ነው ጉድባይ የሆነው። መፍረድ ግን አይቻልም። እኛስ እግዚአብሔርን «እግዜር» አድርገን አይደል ቀኑን ሙሉ «እግዜር ይስጥልኝ» የምንባባለው?

የእንግሊዝ በሬ በረት ውስጥ «ኦክስ» ነው፣ ሳህን ላይ «ቢፍ»። በጉ «ሺፕ»፣ ሥጋው «መተን»። አሳማው «ፒግ»፣ ሥጋው «ፖርክ»። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የጌቶቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የማዕዱ ስሞች የመጡት ከዚያ ነው። የበረቱ ስም ከእረኛው ጋር ቀረ። ዶሮ ግን ከነስሟ ድስት ገብታለች።

«ኦኬ» የተወለደው በቀልድ ነው። በ1830ዎቹ የቦስተን ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው አበላሽተው በመጻፍ ማሳጠር ይወዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት» (ሁሉም ትክክል) የሚለውን በተሳሳቱ ፊደላት («ኦ» እና «ኬ») አሳጥረው ጻፉትና መጋቢት 23 ቀን 1839 በአንድ የቦስተን ጋዜጣ ታተመ። ቀልዱ እንደ እኩዮቹ በዚያው ሊሞት ሲል ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን ደረሰለት። ሰውየው የተወለደው ኪንደርሁክ ነውና በ1840 ምርጫ ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ»ን አሳጥረው «ኦኬ» እያሉ ቀሰቀሱለት። ምርጫውን ተሸነፈ። ቃሉ ግን ይኸው፣ የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጥዎትም ይልዎታል።

ብዙ ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃልስ የትኛው ነው? ሩጫው «ራን»። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰዎች ግሱን ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል፦ ሰው ይሮጣል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ ሱቅ ይመራል፣ ለምርጫ ይወዳደሩበታል። የእኛን «መታ» የቆጠረ ካለ ይንገረን፦ ክራር ይመታል፣ እንቁላል ይመታል፣ ብርድ ይመታል፣ ሰብሉን ውርጭ ይመታዋል።

«ስኩል» የመጣበት የግሪክ ቃል «ትርፍ ጊዜ» ማለት ነበር። ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ ቤት ካለ አይንገሩት።