ሁለት ወር ከሦስት ቀን

አየር ጤናም ይሁን ዘነበወርቅ፣ ፋርማሲ መስኮት ላይ ድምፅ ተቀንሶ የሚጠየቅ ነገር አይጠፋም። አንዱ ፅንስ የሚያቋርጠው ክኒን ነው። ባለሙያው መልሶ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ሲል ጠያቂዋ ወሬ ማብዛት ይመስላታል። የመድኃኒቱ ደኅንነት ግን በአብዛኛው ያለው እዚያ መልስ ውስጥ ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው የወር አበባ ከቀረበት ቀን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ መታየት ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ «ቀረብኝ» ብላ የምትደነግጥ ሴት በሕክምናው ስሌት አራት ሳምንት ገደማ አልፏታል። ቤት ሆኖ ለሚወሰደው ክኒን ለብዙ ዓመት የተሠራበት ወሰን 63 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ወር ከሦስት ቀን መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን ሁለቱ ወር ብቻ ወሰኑን ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ ትክክለኛ መረጃና የባለሙያ ድጋፍ ካለ፣ እስከ 12 ሳምንት ይፈቅዳል።

ክኒኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የማህፀንን ግድግዳ ለፅንሱ አመቻችቶ ያቆያል። ሚፌፕሪስቶን የዚህን ሆርሞን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ግድግዳው ይላቀቃል፣ የማህፀን በር ይለሰልሳል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል ደግሞ ማህፀኑን አኮማትሮ ያስወጣል። (ይህኛው መጀመሪያ የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ነበር፤ «ለነፍሰ ጡር አይሰጥም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የብራዚል ሴቶች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተገላቢጦሽ አነበቡት።) በጊዜው በአግባቡ ሲወሰድ ከ100 ሴቶች ከ95 በላይ ለሚሆኑት ይሠራል።

ቁርጠትና ከወር አበባ የበዛ ደም ሥራው ራሱ ነው፤ ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ይበቃል። በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ከአንድ ቀን ካለፈ፣ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን እንደ አለርት ወዳለ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጨርሶ ደም አለመታየቱም ያሳስባል። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ከሆነ ክኒኑ አይነካውም፤ በአንድ ጎን የሚብስ የሆድ ሕመምና የትከሻ ሕመም ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ሉፕ ያስገባች ቀድማ ታስወጣለች። ደም ማቅጠኛ ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የምትወስድ ሴት ደግሞ ይህን ለሐኪም ሳትናገር አትጀምር።

ብዙዎች ጤና ጣቢያ የማይሄዱት ሕግ ፈርተው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ግን ከመደፈር ወይም ከዘመድ የመጣ እርግዝናን፣ የእናት ጤና አደጋን፣ የፅንሱን ከባድ የአካል ጉድለት፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ሁኔታ ይቀበላል። የተደፈረች ሴት የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም፤ ቃሏ ይበቃል።