ምዕራፍ ስድስት፦ የጸደቀው፣ የተስተካከለውና የወጣው

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው አውራ ጎዳና ባኮን ለቆ ምሥራቅ ወለጋን ሲረግጥ አኖ ላይ ይደርሳል። አኖ የጎቡ ሰዮ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ ምክር ቤት፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አላት። ክረምት በገባ ቁጥር ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ የሚያጸድቀው አንድ ሰነድ አለ፤ የወረዳው በጀት። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የገጠሩ መንገድ ጠጠር ሁሉ በዚያ ሰነድ ውስጥ በብር ተተምነው ተቀምጠዋል። በጀቱ የጸደቀ ዕለት ይወራለታል፤ ቀጥለው የሚመጡትን አሥራ ሁለት ወሮች የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ ወሮች ነው። ሒሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 315 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የኦሮሚያ ድርሻም ወደ ሲሶ ይጠጋል። የክልሉ ምክር ቤት የሆነው ጨፌ ኦሮሚያ ደግሞ ድጎማውን ከክልሉ ገቢ ጋር ደምሮ የክልሉን በጀት ያጸድቃል፤ የወረዳዎች ድርሻም በክልሉ ቀመር ይወርዳል። ከ1994 ወዲህ ለወረዳ የሚሰጠው ገንዘብ በጥቅል ስለሆነ፣ ለትምህርት ስንት ለውኃ ስንት የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ቢያንስ በወረቀት የወረዳው ምክር ቤት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነቀምት የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች የወረዳው ገንዘብ ጉዳይ ሁሉ እዚያ የሚያልቅ ይመስላል። በኦሮሚያ ግን ዞን የክልሉ የአስተዳደር ክንድ እንጂ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው እርከን አይደለም። የሚያጸድቁት ጨፌው፣ የወረዳ ምክር ቤቶችና የከተማ ምክር ቤቶች ናቸው። የነቀምት ነዋሪ ስለ ከተማው ኮብልስቶን የሚጠይቀው የነቀምት ከተማ ምክር ቤትን ነው፤ የአኖ ነዋሪም ስለ ወረዳው ጤና ጣቢያ ለመጠየቅ ነቀምት ድረስ መሳፈር የለበትም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ፌዴራሉ በጀቱን ብዙ ጊዜ ሰኔ ሳያልቅ ያጸድቃል፤ ጨፌው ሐምሌ ላይ ይሰበሰባል፤ ወረዳው ድርሻውን አውቆ የሚያጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረዳው ዓመቱን የሚጀምረው የራሱ ዕቅድ ገና ሳይጸድቅ ነው። ደመወዝ ይከፈላል፣ ሌላው ይጠብቃል። የዓመቱ የመጀመሪያ መዘግየት እዚህ ይወለዳል፤ በኋላ እንደምናየው መዘዙ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሪፖርቱ። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ወጪውን በኮድ ይመዘግባል። በስፋት የሚታወቀው የሒሳብ መደብ በ6100 የሚጀምረውን ለሠራተኛ፣ በ6200 የሚጀምረውን ለዕቃና አገልግሎት፣ በ6300 የሚጀምረውን ለቋሚ ንብረትና ግንባታ ያውለዋል። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል ነው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ያወቀ ሰው ብዙ ሪፖርት ማንበብ ይችላል። ወለጋ ውስጥ ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ ገቢው «ገሊ»፣ ወጪው «ባሲ» ተብሎ ይገኛል።

ከኮዶቹ ቀጥሎ የብር ዓምዶች ይመጣሉ፤ ቁም ነገሩ ያለው እነርሱ ላይ ነው። የጸደቀ በጀት፣ የተስተካከለ በጀት፣ የወጣ፣ ቀሪ። በስብሰባ ላይ «የበጀት አፈጻጸማችን 97 በመቶ ነው» ሲባል ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የወጣው ለተስተካከለው ተካፍሎ ነው። የጸደቀው ዓምድ አይነሣም። በእኔ እምነት በአገራችን የበጀት ክትትል ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነው።

ለማስረዳት ያህል ከራሴ የፈጠርኩትን ቁጥር ልጠቀም። አንድ ወረዳ ለጤና ጣቢያ ማስፋፊያ 6 ሚሊዮን ብር አጸደቀ እንበል። ጥር ላይ 2.5 ሚሊዮኑ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና የተስተካከለው በጀት 3.5 ሚሊዮን ሆነ። እስከ ሰኔ 30 የወጣው 3.4 ሚሊዮን ነው። በተስተካከለው ሲለካ አፈጻጸሙ 97 በመቶ ነው፤ ጭብጨባ ይገባዋል። ምክር ቤቱ ባጸደቀው ሲለካ ግን 57 በመቶ ነው። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ የሕዝቡን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው በግማሽ ቆሟልና።

ዝውውርም ሆነ ሌላ የበጀት ለውጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። 2017ን እናስታውስ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 971.2 ቢሊዮን ብር አጽድቆ ዓመቱ ተጀመረ፤ ሐምሌ 2016 መገባደጃ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዕዳ ክፍያውም የማዳበሪያውም የነዳጁም ሒሳብ ተለወጠ፤ መንግሥት ወደ ምክር ቤቱ ተመልሶ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አስጸደቀ። መጠኑ ያከራክር ይሆናል፤ መንገዱ ግን በአደባባይ የታየ ነው፤ ዕቅዱን የለወጠው ዕቅዱን ያጸደቀው አካል ነው። ወረዳ ላይም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። 2.5 ሚሊዮኑን ማን አዛወረው? በየትኛው ቃለ ጉባኤ? ወደ የትኛው ኮድ ገባ? ከመደበኛ፣ ማለትም ከደመወዝና ከሥራ ማስኬጃ፣ ወደ ካፒታል፣ ማለትም ወደ ግንባታ፣ ማዛወር ይቻላል፤ ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር ግን በፋይናንስ አስተዳደር ሕግ የተከለከለ ነው። ለግንባታ የተያዘ ብር ዞሮ 6231 ውስጥ ከተገኘ ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይገባል።

ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡን የበላው አበል ሳይሆን ያልተሰበሰበ ገቢ ነው፤ የወጪውን ዓምድ ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ያመልጠዋል። የወረዳ በጀት ሁለት እግር አለው፤ ከክልሉ የሚወርደው ድርሻና ወረዳው ራሱ ሊሰበስብ ያቀደው። ወረዳው 80 ሚሊዮን እሰበስባለሁ ብሎ 60 ከሰበሰበ፣ የጎደለው 20 ሚሊዮን በጀቱ ሲጸድቅ ለአንድ ነገር ተመድቧል። ደመወዝ አይቀነስም፣ ስለዚህ የሚቀነሰው ግንባታ ነው። የጤና ጣቢያው 2.5 ሚሊዮን የጠፋው የግብር መሰብሰቢያው ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የገቢ ዕቅዱ ሲጸድቅ ተለጥጦ ከነበረ ደግሞ ጉድለቱ ከመጀመሪያው በሰነዱ ውስጥ ተጽፏል። ስለሆነም ዘንድሮ እሰበስባለሁ የተባለውን አምና ከተሰበሰበው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ግብር አስከፋዩ ወደ ቀበሌ መዝለቅ ያልቻለበትን ጊዜ ደግሞ በስንፍና መቁጠር ተገቢ አይደለም፤ ወለጋ ያለፉትን የግጭት ዓመታት የገፋችው ሁሉም ቀበሌ በሰላም እየተደረሰበት አይደለም። ይህ ግን ሪፖርቱ ውስጥ በስሙ መጻፍ አለበት፤ «በተለያዩ ምክንያቶች» በሚል ሐረግ መሸፈን የለበትም።

ዓመቱን በአራት አካፍሎ ሩብ ዓመት 25 በመቶ የሚል መለኪያም አለ። ለደመወዝ ጥሩ ነው፤ መምህር በየወሩ እኩል ይከፈለዋል። ለገቢ ግን አይሠራም። አነስተኛው ነጋዴ ግብሩን ሲከፍል የኖረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብሩን የሚከፍለው በቆሎው ተሰብስቦ ገበያ ሲወጣ ነው። በሐምሌና በጥር መካከል ያለውን ዝቅተኛ ገቢ አይቶ መደናገጥም፣ የሐምሌን ወይም የጥርን ከፍታ አይቶ መፎከርም ያለ ቦታው ነው። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ነው።

ለግንባታ ደግሞ ዳኛው ዝናቡ ነው። ምዕራብ ኢትዮጵያ ረጅም ክረምት አለው፤ በወለጋ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም አልፎ፣ መሠረት መቆፈርና ጠጠር ማመላለስ ከባድ ነው። የሥራው መስኮት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ወደ ኋላ እንቁጠር፦ ኅዳር ላይ ቁፋሮ እንዲጀመር ውሉ ጥቅምት ላይ መፈረም አለበት፤ ውሉ ጥቅምት ላይ እንዲፈረም ጨረታው መስከረም ላይ መውጣት አለበት፤ ጨረታው መስከረም ላይ እንዲወጣ የግዥ ዕቅዱና የግንባታው ንድፍ ክረምቱን መዘጋጀት አለበት። በጀቱ ዘግይቶ የጸደቀ፣ ንድፉም ኅዳር ላይ የታሰበ ወረዳ ጨረታውን ጥር ላይ ያወጣል፤ ተቋራጩ መጋቢት ላይ ቦታውን ይረከባል፤ ሁለት ወር ሳይሠራ ዝናቡ ይደርሳል። እንግዲህ የካፒታል ሥራን አፈጻጸም መገመት የፈለገ ሰው ሰኔን መጠበቅ የለበትም። ኅዳር ላይ የተፈረመ ውል አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል።

ካልተጠየቀ ሰኔ ይመጣል። ያልወጣ ገንዘብ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ሰኔ 30 ድረስ ለቀረበ ዕቃና ለተሰጠ አገልግሎት ብቻ ለክፍያ የአንድ ወር የችሮታ ጊዜ አለ። ስለዚህ የግዥው ሩጫ ሰኔ ላይ ነው፤ ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚለው ተረት የተሠራው ለዚህ ወር ይመስለኛል። የወንበርና የጎማ፣ የወረቀትና የቀለም ግዥ ይጎርፋል፤ የአፈጻጸም መቶኛውም በአንድ ወር ሽቅብ ይተኮሳል። እዚህ ላይ ከገንዘብ ቁጥር ይልቅ የንብረት ወረቀት ይናገራል። ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለተጠቃሚው ሲወጣ በሞዴል 22 ይፈረምበታል። ሰኔ ላይ በሞዴል 19 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ በሞዴል 22 ያልወጣ ዕቃ ለምን ተገዛ? የምክር ቤት አባል ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መጋዘን ድረስ መሄድ ብቻ ይጠበቅበታል።

ሒሳቡ ለማን ይነገራል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የቆየ ነው። በነቀምት እስከ ዛሬ የቆመ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ። ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ እየገበሩ ሌቃ ነቀምትን በራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ የግብሩ ዋና ነገር ወርቅ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉትን በአማርኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች የታሪክ ተመራማሪዎቹ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው አሳትመዋቸዋል። የዚያ ዘመን ሒሳብ ወደ ላይ ነበር፤ ነቀምት ለአዲስ አበባ። ዛሬ ገንዘቡ ባብዛኛው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሒሳቡ ግን አሁንም ከሁሉ በተሻለ የሚሠራው ወደ ላይ ነው። ወረዳው ወርኃዊ ሪፖርቱን ለዞኑ፣ ዞኑም ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ ያሳልፋል። ለነዋሪው የሚደርሰው ከዚህ ጥቂቱ ነው።

ወደ ታች የሚነገር ሒሳብ ምን እንደሚለውጥ የታወቀው ምሳሌ ኡጋንዳ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚልከውን ገንዘብ ተመራማሪዎች ከምንጩ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተከትለውት፣ በአማካይ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ መንግሥት የሚላከውን መጠን በጋዜጣ ማውጣትና በትምህርት ቤቶች ላይ ማስለጠፍ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ትምህርት ቤት መድረስ ቻለ። ጋዜጣው ብቻውን ነው የለወጠው ወይ በሚለው ላይ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ። በአገራችንም ከ1998 በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም አማካይነት ወረዳዎች በጀታቸውን በሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደርጓል። ነገር ግን ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው በጀት ብቻ ሲሆን ሥራው ግማሽ ነው፤ ከጎኑ የወጣው ካልተጻፈ የሚነጻጸር ነገር የለም።

ኦዲት የመጨረሻው ማጣሪያ ነው፤ ቀርፋፋ ማጣሪያም ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የአንድን ዓመት ሒሳብ ግኝት ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ያ ዓመት ካለቀ ወደ አንድ ዓመት ሲጠጋ ነው። ኦሮሚያም ለጨፌው ተጠሪ የሆነ የራሷ ዋና ኦዲተር አላት። በየሪፖርቱ የሚመጡት ስሞች የታወቁ ናቸው፦ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት። ገመቹ ዱቢሶ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በነበሩባቸው ዓመታት ተመሳሳይ ግኝት እየተደጋገመ እንደሚመጣ ለተወካዮች ደጋግመው ተናግረዋል። ግኝት ያለ እርምጃ ሲደጋገም ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ይለምዱታል። ከኦዲቱ ይልቅ በዓመቱ መካከል የሚነሣ ጥያቄ የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ገንዘቡ ገና አልወጣምና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ ዐዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የመጠየቅን መብት በዝርዝር ደንግጓል። የስድስት ወሩ ሪፖርት በሚቀርብበት ሰሞን ጥር ወይም የካቲት ላይ በአኖ፣ በስሬ፣ በጊምቢ ወይም በሻምቡ ስብሰባ ላይ የሚገኙ ከሆነ እጅዎን አውጥተው መቶኛው ከየትኛው ዓምድ እንደተሰላ ይጠይቁ፤ የጸደቀውንም ያስነብቡ።