የሣልስ እግር፣ የኃምስ ቀለበት፦ ፎንትና የስክሪን ንባብ

በስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ የሚነበበው በፊደሉና በመደቡ መካከል ባለው የብርሃን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ኮንትራስት ይባላል፤ የሚለካውም ብሩሁ ክፍል ከጨለማው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ በማስላት ነው። የመጨረሻው ጥቁር በመጨረሻው ነጭ ላይ ሲያርፍ 21 ለ 1 ይሆናል። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የሚወስነው የቀለም ምርጫ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለሙ ጥቁር፣ መደቡ ነጭ ሆኖ፣ ብርሃኑም እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ጽሑፉ አመድ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን መመርመር ያለበት ፎንቱ ነው።

ጉዳዩ በአማርኛ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት የፊደሉ አሠራር ነው። በላቲን ጽሕፈት አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ በአማርኛ ግን በዋናው ፊደል ላይ የተቀጠለች ትንሽ ምልክት ናት። «ሲ» ሣልስ የሆነችው በቀኝ እግሯ ጫፍ ላይ በወጣች አጭር ጭረት ነው፤ «ሴ» ኃምስ የሆነችው በዚያው ቦታ ላይ ባለች ቀለበት ነው። «ሲል» እና «ሴል» የሚለያዩት በዚህች ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቷ ውስጧ ከተደፈነ ጭረት ትመስላለች፤ ጭረቷ ከደበዘዘች ደግሞ ፊደሉ ወደ ግዕዙ ይመለሳል። «ባታ» እና «ቦታ» የሚለዩት ከሁለቱ እግሮች የትኛው እንደረዘመ በማየት ነው፤ «ጣር» እና «ጦር»ም እንደዚሁ። «ሰማ» እና «ሸማ» ደግሞ አናት ላይ ባለች አንዲት አግድም መስመር ብቻ ይለያያሉ፤ «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ» በተመሳሳይ መንገድ።

እርግጥ አማርኛ አንባቢ እያንዳንዷን ምልክት እየቆጠረ አያነብም። ዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ «ቤቱ ጠበበ» የሚለውን ማንም «ቢቱ» ብሎ አያነብም። ችግሩ የሚወጣው ዐውደ ሐሳቡ በማይረዳበት ቦታ ነው፦ በሰው ስም፣ በመድኃኒት ስም፣ በባዕድ ቃል፣ ፊደል በሚቆጥር ልጅ ንባብ ላይ። ጎልማሳውም ቢሆን ቃሉን ለማረጋገጥ ዓይኑን ወደ ኋላ በመለሰ ቁጥር ንባቡ ይዘገያል፤ ገጹን ሲጨርስ የሚሰማውን ድካም ግን ስክሪኑ ላይ ያሳብባል።

ቀጭንና ወፍራም ጭረት የመጣው ከብራና ነው። ጸሐፊው መቃ ቀርጾ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ሲጽፍ፣ ብርዑ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይተዋል። የግዕዝ ፊደል ውበት በዚህ መፈራረቅ ላይ ቆሟል፤ ለኅትመት የተቀረጹ ፊደላትም ይህን መልክ ወርሰዋል። በግዕዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በዮሐንስ ፖትከን አማካይነት የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ብራናም ሆነ ወረቀት ለቀጭኗ መስመር ምቹ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ቀጭኗም ጥቁር ሆና ትቀራለች። ስክሪን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም።

ስክሪን የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጥቦች ነው። አንድ ጭረት ከአንድ ነጥብ ከቀጠነ፣ መሣሪያው የነጥቡን ከፊል ማጥቆር ስለማይችል ነጥቡን በሙሉ ግራጫ ያደርገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። የፊደሉን ቁመት 40 ቦታ ከፍሎ አንዱን ክፍል የሚያህል ቀጭን አግድም ጭረት ያለው ፎንት ይታሰብ። መጠኑ 16 ፒክስል ሲሆን ጭረቱ የሚደርሰው 0.4 ፒክስል፣ ማለትም ግማሽ ነጥብ እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ የሚታየው አርባ በመቶው ብቻ የጠቆረ ግራጫ ሲሆን፣ በነጭ መደብ ላይ ያለው ኮንትራስት 2.8 ለ 1 ገደማ ይሆናል። መመሪያው ለትልልቅ ፊደላት ከሚጠይቀው ከ3 ለ 1 እንኳ ያንሳል። የ«ሰ»ን ወፍራም እግር የሚያየው ዓይን፣ «ሸ» ያደረጋትን አግድም መስመር ሊያጣት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የነጥቦቹ ጥግግት ሲጨምር ነገሩ ይሻሻላል። ኪንድል የተባለው ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲወጣ በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ነበረው፤ ከ2014 ወዲህ የተሻሉት ሞዴሎች 300 ደርሰዋል። በ12 ፖይንት መጠን የተጻፈ ፊደል በመጀመሪያው ላይ 28 ፒክስል ገደማ፣ በኋለኛው ላይ 50 ፒክስል ያገኛል። ያው ቀጭን ጭረት በአንዱ 0.7፣ በሌላው 1.25 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። በአንደኛው ደብዛዛ የነበረው መስመር በሁለተኛው ላይ ጥቁር ነው፤ ፎንቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ አንድን ፎንት «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ከማለት በፊት በየትኛው መሣሪያ ላይ፣ በምን መጠን እንደሚነበብ መጠየቅ ይገባል።

አማርኛ በኮምፒውተር ላይ በወጉ የተቀመጠው ዩኒኮድ 3.0 በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደሉን ሲያካትት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፉ ፋይሎች ዛሬም በኢ-ሪደር ላይ የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ ፎንቶቹ ተከተሉ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላን አወጣ። ለአዲስ አበባ ሰው ስሙ መጀመሪያ በዚሁ ስም የሚጠራውን ሲጋራ ቢያስታውሰውም፣ ኒያላ የባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን ነው። ፎንቱ የእጅ ጽሕፈት ለዛ አለው፤ ሆኖም ውፍረቱ አንድ ብቻ ሲሆን ቦልድ የለውም፤ መጠኑ ሲያንስም ይሳሳል። በኋላ በዊንዶውስ የአማርኛ መነሻ ፎንት የሆነው ኤብሪማ ጭረቱ ወጥ ነው፤ ቦልድም አለው። አፕል ከፋን፣ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት የብራናውን ወግ የተከተለውን አቢሲኒካን ይዘው መጡ። የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ስለሚገኝ፣ ብዙው አማርኛ አንባቢ ስሙን ሳያውቅ በየቀኑ የሚያየው እሱን ነው። ጭረቱ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ አይለዋወጥም፤ ከስስ እስከ ደማቅ ዘጠኝ ውፍረት አለው። ለዛው ደረቅ ነው የሚሉት አይሳሳቱም፤ ለርካሽ ስልክ ግን ከእሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። «ኖቶ» የሚለው ስም ራሱ የተወሰደው ፎንት ባልተገኘ ጊዜ በፊደል ፈንታ የሚደረደሩትን ባዶ ሳጥኖች ለማስቀረት ከነበረው ዓላማ ነው።

ፎንቱ የነገሩ ግማሽ ነው፤ መሣሪያው ሌላው ግማሽ ነው። ኪንድልና ኮቦን የመሳሰሉ ኢ-ሪደሮች ስክሪናቸው ኢ-ኢንክ ይባላል። በውስጡ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች በፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ብናኞቹ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው፣ ጉልበቱ በተቀየረ ቁጥር ነጩ ወይም ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል። ስክሪኑ ብርሃን አያመነጭም፤ እንደ ወረቀት የወደቀበትን ይመልሳል። ነጩ ግን እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም፤ ወደ ጋዜጣ ወረቀት ያደላል። የግራጫ ደረጃዎቹም ጥቁሩንና ነጩን ጨምሮ አሥራ ስድስት ብቻ ናቸው። ግራጫ በሆነ መደብ ላይ ግራጫ ጭረት ሲያርፍ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። በኢ-ኢንክ ላይ ጥቂት ወፈር ያለ ፎንት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ኪንድልና ኮቦም የፊደሉን ውፍረት አንባቢው እንዲጨምር የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው።

በአዲስ አበባ ግን ኢ-ሪደሩ ስልክ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጀሞ 1 ታክሲ ተራ ላይ፣ በሰባት ሰዓት ፀሐይ፣ ሰልፍ ይዞ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ስልኩን በግራ መዳፉ ከልሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ስክሪኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ይታያል። ሳሪስ ላይ ባቡር የሚጠብቀውም እንዲሁ ያደርጋል። የሚታገለው ከነጸብራቅ ጋር ነው። ነጩ 400 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ጥቁሩ 0.4 ኒት የሆነ ስክሪን በጨለማ ክፍል ውስጥ 1000 ለ 1 ኮንትራስት አለው። የፀሐዩ ነጸብራቅ 100 ኒት ሲጨምርበት ግን በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይደመራል፦ 500 ለ 100.4፣ ማለትም 5 ለ 1 ብቻ። ይህ የወፍራሙ ጭረት ዕጣ ነው፤ አስቀድሞ ግራጫ የሆነው ቀጭን ጭረት ፈጽሞ ይጠፋል። ፊደሉን ማተለቅ እዚህ ላይ ብርሃን ከመጨመር ይልቅ ይጠቅማል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ቀጭኑ ጭረት ሙሉ ነጥብ ይሞላልና። ኢ-ኢንክ በአንጻሩ በዚያው ፀሐይ ላይ ይደምቃል፤ ይፈዝ የነበረው ማታ ሲሆን፣ አዳዲሶቹ የፊት መብራት ስላላቸው እሱም ተቃልሏል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ማወፈር ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። ቦልድ ሲበዛ የኃምስ ቀለበት ይደፈናል፤ የ«ቀ» ክብ ይጠባል፤ የ«ጠ» ሦስት እግሮች ይጣበቃሉ። በተለይ ቦልድ የሌለው ፎንት ላይ ቦልድ ሲታዘዝ፣ ብዙ ፕሮግራሞች የፊደሉን ዳር ዙሪያውን በማስፋት ሐሰተኛ ቦልድ ይፈጥራሉ። ሠዓሊው ያልሣለው ይህ ውፍረት መጀመሪያ የሚበላው ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ነው። ውጤቱ ከሩቅ የደመቀ፣ ከቅርብ «ሴ» ይሁን «ሲ» የማይለይ ገጽ ነው። መጠነኛ ውፍረት ያለው፣ ቀለበቶቹ ሰፋ ብለው የተሣሉ ፎንት ከሁለቱም ጽንፍ ይሻላል። በዳርክ ሞድ ደግሞ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ዳር ስለሚፈስ ፊደሉ ከትክክለኛው ውፍረቱ ወፍሮ ይታያል፤ የኮርኒያ (የዓይን የፊተኛው ግልጽ ሽፋን) መዛባት ባለበት ዓይን ይብሳል። ቀን ላይ ተስማሚ የነበረው ውፍረት ማታ በዳርክ ሞድ አንድ ደረጃ ቢቀነስለት ቀለበቶቹ ይከፈታሉ።

ሥርዓተ ነጥብም በዚሁ ይጎዳል። የ«፣» እና የ«፤» ልዩነት በነጥቦቹ አካባቢ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። የአራት ነጥብ «።» ነጥቦች በትንሽ መጠን ተቀላቅለው አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናሉ። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት አራት ነጥብ የሚሠሩ ጸሐፊዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ፦ ኢ-ሪደሩ ሁለቱን ለያይቶ ግማሹን ወደ ቀጣዩ መስመር ሊያሻግረው ይችላል።

የመስመር አጣጣል ከፎንቱ አይለይም። የአማርኛ ቃል፣ ለምሳሌ «እንደሚያስፈልጋቸው»፣ ረጅም ነው፤ ፊደሎቹም ሰፋፊ ናቸው። የብራና ጸሐፊ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ከፈለገበት ላይ ቆርጦ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ቃል ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበር አንባቢ አይደናገርም። ዛሬ ሁለት ነጥቡ በባዶ ቦታ ተተክቷል፤ ኢ-ሪደሩም ቃል አይቆርጥም። ፊደሉ ተልቆ፣ የመስመሩ ሁለት ዳር እኩል እንዲሆን ሲታዘዝ፣ በቃላቱ መሀል ጉድጓድ ይከፈታል። ለጠባብ ስክሪን ግራውን ብቻ ማስተካከልና ቀኙን መተው ይመረጣል። በመስመሮች መካከልም በቂ ክፍተት ያስፈልጋል፤ የአማርኛ ፊደላት በአብዛኛው ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጉ ገጹ የጡብ ግድግዳ ይመስላል፤ እንደ «ሏ» እና «ሟ» ያሉትም ከሥራቸው ያለችው መስመር ከታችኛው ረድፍ ጋር ትጋጫለች።

ፎንት መምረጥ የሚቻለው ግን ፋይሉ ሲፈቅድ ነው። ኢፐብ በተባለው የፋይል ዓይነት የተዘጋጀ መጽሐፍ ፊደሉ እንደ ፊደል የተቀመጠበት ስለሆነ አንባቢው መጠኑንና ፎንቱን ይለውጣል፤ አሳታሚው ፎንቱን መጽሐፉ ውስጥ ካካተተው መሣሪያው የአማርኛ ፎንት ባይኖረውም ሳጥን አይታይም። ኪንድልና ኮቦ ላይ አንባቢው ራሱ ፎንት በኬብል መጫን ይችላል። በፒዲኤፍ ግን ገጹ እንደታተመ ይቀራል፦ ማተለቅ ማለት ገጹን በሙሉ ማተለቅና እያንዳንዱን መስመር ወደ ጎን እየገፉ ማንበብ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት በአብዛኛው ከዚህም የባሱ፣ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሡ ምስሎች ናቸው። ወረቀቱ ቡናማ፣ የገጹ መታጠፊያ ጥላ ያጠላበት፣ ፊደሉ ዳሩ የተበላ ነው። እዚያ ላይ ፎንት የሚባል ነገር የለም። ያለው አማራጭ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው፤ ያም ቢሆን የመለያው ልክ ከፍ ሲል ጥላው አብሮ ይጠቁራል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የሣልሷ ጭረት ከወረቀቱ ጋር አብራ ትነጻለች።