መቐለ ከእግሯ ሥር የምትቀዳው

መቐለ ውስጥ ውሃ ተደጋግሞ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይልም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ውሃው የተበከለ ይመስለዋል። ቅርፊቱ ግን ከፋብሪካም ከሽንት ቤትም አልመጣም፤ ከድንጋዩ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው የኖራ ድንጋይና ሸክላማ ድንጋይ በተደራረቡበት፣ ከታች ቀልጦ የወጣ ጥቁር ዶለራይትም በመካከላቸው በገባበት መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የሥነ ምድር አጥኚ ዊልያም ብላንፎርድ ይህን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ስም ጠራው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ የድንጋይ ካርታዎች ላይ አለ። ከእሱ በላይ የተነጠፈው የአጉላዕ ድንጋይ ደግሞ ጂፕሰም አለበት። ዝናብ ጂፕሰሙን አልፎ ሲሰርግ ሰልፌት እየሟሟ አብሮት ይወርዳል።

የመቐለን አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ብክለት መመርመር አስቸጋሪ የሚሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው። ተፈጥሮ ያደረገውንና ሰው ያደረገውን መለየት ይቀድማል። ሰልፌት ከፍ ብሎ ቢገኝ ድንጋዩ ሊሆን ይችላል። ናይትሬት ከፍ ካለ ግን የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የከብት እበት ወይም የማሳ ማዳበሪያ ይጠረጠራል። ክሮሚየም ከተገኘ ዓይን ወደ ቆዳ ፋብሪካ ይዞራል። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ጉድጓድ ካለ ደግሞ በአቅራቢያው የነዳጅ ማደያ ወይም ጋራዥ መኖሩ ይጠየቃል።

መቐለ ለብዙ ዓመታት በዋናነት የጠጣችው ከደቡብ ምሥራቅ ዳርቻዋ፣ ከአይናለም ጉድጓዶች ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 97 ሺህ ገደማ የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ከ215 ሺህ አለፈ፤ በትግራይ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙ ተፈናቃይ መጥቶ በትምህርት ቤቶች ጭምር ተጠለለ። ከተማዋ ስትሰፋ ውሃዋን ወደምትቀዳበት ሜዳ ተጠጋች። ቤት በተሠራ ቁጥር የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፈራል። አሸዋማ አፈር ቢሆን ፍሳሹን ቀስ እያለ ያጣራው ነበር፤ የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ግን አያጣራም። ስንጥቁ እንደ ቱቦ ነው። ላይ የፈሰሰው ነገር ሳይታሰብ ርቆ ይሄዳል፤ ጎረቤት ጉድጓድ ሳይደርስ ከሩቁ ጉድጓድ ሊወጣም ይችላል።

እንደ እኔ እምነት ትልቁ ችግር ይህን ሁሉ የውሃው እጥረት መሸፈኑ ነው። ጄሪካን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ ከቦቴ የሚገዛ ሰው «መቼ ይመጣል?» ይላል እንጂ «ምን አለበት?» ብሎ ለመጠየቅ ፋታ የለውም። እጥረቱን ያቃልላል የተባለው የገረብ ግባ ግድብ ሥራ በጦርነቱ ተቋረጠ። ቧንቧው ሲደርቅ ሰዉ ምንጩን ወደማያውቀው ውሃ ይሄዳል። በከተማዋ በሚያልፈው የኢላላ ወንዝ ዳር ደግሞ አትክልት ይለማል። ወንዙ የከተማዋን ፍሳሽ ስለሚሸከም በውስጡ ያለው ነገር በሰላጣና በቆስጣ በኩል ወደ ገበታ የመመለስ ዕድል አለው።

ከመቐለ በስተሰሜን ውቅሮ ላይ ያለው ጥያቄ ሌላ ዓይነት ነው። ከተማው የቆዳ ፋብሪካ አለው፤ ፍሳሹ በወንዙና በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖም የተመራማሪዎች ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። ቆዳ የሚለፋው በአብዛኛው በክሮሚየም ጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሦስት ብዙም የማይንቀሳቀስና ጉዳቱ አነስ ያለ ነው፤ አፈሩ ሲመቸው ግን ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጣል፤ ይኸኛው በውሃ ይሟሟል፣ ካንሰርም ያመጣል። ፋብሪካ ሥራ ቢያቆምም ቀድሞ በአፈር ውስጥ የገባው እዚያው ይቆያል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? የሚጀመረው ከቁፋሮ ሳይሆን ከሽማግሌ ነው። ቦታው ቀድሞ ምን ነበር? የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ ነበር? የድሮው የነዳጅ ታንክ የት ተቀብሯል? ከዚያ አፈሩ በየጥልቀቱ ይወሰዳል። ውሃውን ለማየት ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። ሁለት ነጥብ የውሃውን ከፍታ ልዩነት ቢያሳይም ወደየት እንደሚፈስ አይናገርም፤ ሦስተኛው ሲጨመር አቅጣጫው ይታወቃል። ናሙናው አንዴ ተወስዶ አያበቃም። በክረምት ዝናብ የሚቀጥነው ብክለት በበጋ ሊወፍር ስለሚችል በሁለቱም ወቅት መለካት አለበት። በመቐለ ዓይነቱ ስንጥቅ ድንጋይ ሦስት ጉድጓድ መነሻ ነው እንጂ በቂ አይደለም። ያለዚህ ጥናት የሚደረግ ጽዳት ገንዘብ መበተን ነው።

ጽዳቱም እንደ ብክለቱ ይለያያል። ነዳጅ የጠጣ አፈር ተቆፍሮ ሊወጣ ወይም አየር እየተነፋበት ባክቴሪያ እንዲበላው ሊደረግ ይችላል። ክሮሚየም ስድስትን ብረት ባለበት ውህድ ወደ ሦስት መመለስ ይቻላል። የተበከለ ውሃን እየሳቡ ማጣራት ደግሞ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። በካሊፎርኒያዋ ሂንክሊ አንድ የጋዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1966 ክሮሚየም ስድስት ያለበት ውሃ ወለሉ ባልተሸፈነ ኩሬ ያጠራቅም ነበር፤ ኩባንያው በ1996 ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የውሃው ጽዳት ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ።

እኛም አገር ጽዳት ተሠርቶ ያውቃል። በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ተሰብስቦ፣ ከ1,500 ቶን በላይ የሚሆነው ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት ያደርጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ ማንም ሰው ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው አቤት እንዲልም ይፈቅዳል። የጎደለው ማስረጃው ነው። ብክለቱ ከማን እንደመጣ የሚያሳይ ጉድጓድና መዝገብ ከሌለ አዋጁ የሚይዘው ሰው አያገኝም።

ጦርነቱም የራሱን ጨምሯል። ትግራይ ውስጥ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች አሉ፤ ከፈንጂ ቅሪት ውስጥ አርዲኤክስ የሚባለው ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ ከዝናብ ጋር በቀላሉ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። የተመቱና የተዘረፉ ፋብሪካዎች ተመልሰው ከመሠራታቸው በፊት የግቢያቸው አፈር መመርመር ይኖርበታል። በኋላ ሲሚንቶ ከለበሰ ለማየትም ለመቆፈርም ያስቸግራል።

የከተማዋ አስተዳደርና የውሃ አገልግሎቱ ከሁሉ በፊት በአይናለም ጉድጓዶች ዙሪያ ግንባታ የማይገባበት ክልል ያጥሩ፤ የመከታተያ ጉድጓዶችን ያስቆፍሩ፤ ውጤቱንም በየወቅቱ ለሕዝብ ይንገሩ። ይህ ከማንኛውም ጽዳት ይረክሳል። ለዚህ ሥራ የሚረዱ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም መቐለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ።

በግቢህ ጉድጓድ ያለህ አንባቢ፣ ውሃህን አስመርምር። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትንና ክሮሚየምን ግን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያወፍራቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ባለፈ ውሃ ለጨቅላ ሕፃን ወተት አይበጠበጥ።