የባክቴሪያን ምልዓተ ጉባኤ መበተን፦ መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያንን ለመቋቋም የታሰበ ስልት

በጉንችሬም ሆነ በሌላ የጉራጌ ዞን ከተማ በቃጠሎ የቆሰለ ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም መጥቶ፣ ቁስሉ ከቀናት በኋላ ሰማያዊ አረንጓዴ መግል ቢይዝና ለየት ያለ ጣፋጭ ሽታ ቢያመጣ፣ ባለሙያው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ሲዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለውን ባክቴሪያ ነው። ይህ ተህዋስ በተፈጥሮው ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ሲሆን፣ ካርባፔኔምን የተላመደው ዝርያው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2024 ባወጣቸው የቅድሚያ ትኩረት ዝርዝሮች ተካትቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቀለሙ ነው። ፓዮሳያኒን የተባለው ይህ ቀለም በብዛት የሚመረተው ባክቴሪያዎቹ ተነጋግረው ቁጥራቸው መሙላቱን ካወቁ በኋላ ነው።

ንግግሩ በኬሚካል ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ አነስተኛ የመልእክት ሞለኪውል ወደ አካባቢው ይለቃል። ቁጥራቸው ጥቂት ሲሆን ሞለኪውሉ ተበትኖ ይጠፋል፤ ሲበዙ ግን ይጠራቀምና ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በባክቴሪያው ውስጥ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ጂኖችን ያስነሳል። ያን ጊዜ ሕብረ ሕዋስን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችና መርዞች በአንድነት ይመረታሉ፤ ባዮፊልም የተባለው ሽፋንም ይጠናከራል። በጥቂቱ መርዝ መርጨት የሰውነትን መከላከያ በከንቱ መቀስቀስ ነውና፣ ባክቴሪያው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ይጠብቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 ለክስተቱ የተሰጠው ስያሜም ይህንኑ የሚገልጽ ነው።

ስልቱ እንግዲህ ባክቴሪያውን መግደል ሳይሆን ንግግሩን ማቋረጥ ነው። መልእክቱ እንዳይመረት መከልከል፣ የተመረተውን በኢንዛይም ማፍረስ ወይም ተቀባዩን መዝጋት ይቻላል። የማይገደል ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለመላመድ የሚገፋፋው ኃይል ያንሳል የሚለው ተስፋ ብዙ ተመራማሪዎችን ስቧል። ከአውስትራሊያ ቀይ የባሕር አልጌ የተገኙት ፉራኖኖች በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ቢያሳዩም፣ መርዛማነታቸው ለሰው ሕክምና እንዳይውሉ አግዷቸዋል።

ለአገራችን ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በትራኮማ ዘመቻ የሚታወቀው አዚትሮማይሲን ነው። በተለመደው መጠን ሲዩዶሞናስን አይገድልም፤ ሆኖም የመልእክት ልውውጡን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። መድኃኒቱን ባልወሰዱት ዘንድ፣ የማይነጋገሩና ጉዳታቸው አነስተኛ የሆነ ባክቴሪያዎች በጊዜ ብዛት እየበረከቱ ሄዱ። እነዚህ በሌሎች ድካም የሚኖሩ ናቸው። በወሰዱት ዘንድ ግን ይህ ጥቅማቸው ቀረና ኃይለኞቹ ባክቴሪያዎች ቦታቸውን ጠብቀው ቆዩ። በስታፊሎኮከስ ኦሪየስም ቢሆን ንግግሩን መዝጋት መርዙን ሲቀንስ ባዮፊልሙን ሊያጠነክር ይችላል። ተስፋው ከውጤቱ ቀድሞ መነገሩ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አረንጓዴ መግል ለያዘ ቁስል አዚትሮማይሲን ማዘዝ ተገቢ አይደለም። የሞተ ሥጋን በወቅቱ ማንሳትና ቁስሉን ደጋግሞ ማጠብ ግን ባዮፊልሙን ይሰብራል፤ የባክቴሪያውንም ቁጥር ይቀንሳል። ጉባኤው እንዳይሞላ የሚያደርግ፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ተግባር ነው።