ተጨማሪ መረጃ፦ ጎዳናን የሚያውቅ ረዳት

በካናዳ ከተሞች ጎዳና ላይ ከሚያድሩት መካከል የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ቁጥር ከሕዝብ ብዛታቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ታውቃላችሁ? የተወላጆቹን ልጆች ከወላጅ ነጥሎ፣ ቋንቋቸውን ከልክሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደገው የመንግሥት ፖሊሲ አንዱ መንስኤ ነው። ራሱ ጎዳና ላይ የኖረው የሜቲ-ክሪ ተወላጅ ምሁር ጄሲ ትስል፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተወላጆች ቤት አልባነት ከመሬት፣ ከዘመድና ከባህል መነጠልም እንደሆነ አስረዳ። ጣሪያ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ከጣሪያው በተጨማሪ ሊረዳ የሚችለው የአቻ ድጋፍ፣ በተመሳሳይ ችግር ያለፈ ሰው ሌላውን የሚረዳበት ሥራ ነው። ረዳቷ ትኩስ ቡናና ደረቅ ካልሲ ይዛ ጎዳና ላይ ካለው ሰው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቅጽ ከማስሞላቷ በፊት አገሩንና ዘመዶቹን ትጠይቀዋለች። ከፈቀደ፣ በተወላጆቹ ባህል መሠረት ሴጅ በሚባል ተክል ቅጠል ጭስ አብረው ይታጠናሉ።

በአካባቢያችሁ ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው ስታገኙ ሰላምታ ስጡት፤ ስሙንም ጠይቁት።